ይበላል ግን ይከሳል፦ የባህር ዓሣ አንጀትና ትል

ምልክቱ፦ በጨው ውሃ አኳሪየማችሁ ያለው ዓሣ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሻማል፣ ግን እየከሳ ይሄዳል። ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የጀርባው ሥጋ ይሟሽሻል፣ ራሱ ብቻ ትልቅ ሆኖ ይቀራል።

ከኋላው ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ስታዩ ግን «ትል ነው» ለማለት አትቸኩሉ። የባህር ዓሣ ዙሪያው ያለው ጨው ውሃውን ስለሚመጥጥበት ሳያቋርጥ ይጠጣል። የጠጣውን ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው አንጀቱ ነው፤ በዚያው ሥራ የካልሲየም ካርቦኔት ነጭ ዝቃጭ ይፈጠራል። ምግብ ያልቀመሰ ዓሣ ይህን ዝቃጭ በልጋግ ተጠቅልሎ ያወጣዋል። በደንብ እየበላና እየከሳ ኩሱ ነጭ ከሆነ ነው መጠርጠር። ያኔም ቢሆን ትንሽ ኩስ በጠብታ መምጠጫ አንስታችሁ በማይክሮስኮፕ የትል እንቁላል ፈልጉ፤ በዓይን የማይታዩ ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያንም ይህንኑ ምልክት ያሳያሉ፣ የትል መድኃኒት ደግሞ አይነካቸውም።

ምክንያቱ፦ ከሁሉ የሚከፋው ራሱ እሾሃማ የሆነው ትል ነው። አፍም ሆድም የለውም፤ ምግቡን በቆዳው ይመጥጣል። የሞተ ዓሣ አንጀት ሰንጥቃችሁ ትሉን በወረንጦ ብትስቡት የአንጀቱ ግድግዳ አብሮ ይለጠጣል፤ ትሉ ይበጠሳል እንጂ አይለቅም። የራሱ መንጠቆ በተተከለበት ቦታ ምግብና ውሃ የሚመጥጡት የአንጀት እጥፋቶች ይጠፋሉ፣ ዙሪያው በጠባሳ ይደድራል። አንዳንዴ ግድግዳውን ጨርሶ ይበሳና ባክቴሪያ ወደ ሆድ ዕቃ ይገባል። የባህር ዓሣ በዚህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ይራባልም፣ ይጠማልም። የኮሶ ትል ሲበዛ አንጀት ይዘጋል።

አብዛኞቹ ትሎች ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ አይተላለፉም፤ መሀል ላይ ትንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ አለች። ጃፓን ውስጥ በመረብ የሚረባውን ቀይ ብሪም የተባለ ዓሣ የሚያጠቃው ሎንጊኮለም የተባለ እሾህ ራስ ትል የሚመጣው መረቡ ላይ ከሚጣበቁ እንዲህ ካሉ እንስሳት ነው። ስለዚህ እዚያ መረቡን መቀየርና ማጽዳት ራሱ ሕክምና ነው።

መፍትሄው፦ ዓሣውን ወደ ብቻው ገንዳ አውጡት። ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል፣ በአገራችን ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ማለት ነው፣ ለክብ ትል ፌንቤንዳዞል። መጠኑን ዓሣ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ይወስን። የአንጀት ትል ስለሆነ መድኃኒቱ በምግብ ቢገባ ይሻላል። ችግሩ ፕራዚኳንቴል መራራ ነው፤ ዓሣው ይተፋዋል። ከተፈጨ ሽሪምፕ ጋር በጄላቲን አርግታችሁ፣ በጥቃቅኑ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ፌንቤንዳዞል ኮራል ያለበት ገንዳ ውስጥ አይግባ፤ አንዳንድ ኮራሎችንና በቱቦ የሚኖሩ ትሎችን ይጎዳል። ለእሾህ ራስ ትል አስተማማኝ መድኃኒት የለም፤ ደግነቱ መሀል የምትገባው እንስሳ በገንዳችሁ ከሌለች ትሉ አይባዛም።

ከገበያ የገዛችሁትን ጥሬ የባህር ምግብ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 7 ቀን ሳታቆዩ አትስጡ።