በሽልማት ወቅት የፊልም ወዳጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፊልም ሽልማት ወቅት በታኅሣሥ ማብቂያ ግድም በጎልደን ግሎብ ተከፍቶ በየካቲት ወይም በመጋቢት በኦስካር ይዘጋል። በእነዚህ ሳምንታት ደሴ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዘው የተቀመጡ ወዳጆች ስለ ምርጥ ተዋናይት የሚገጥሙት ክርክር ከእግር ኳሱ ክርክር በምንም አያንስም፤ እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ስለሆንኩ ነገሩን ከውጭ ቆሜ ለመተቸት አልነሣም። ክርክሩ የሚያስደስተውን ያህል ግን ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ጉድለት አለው። ሽልማቱን የሰጠው ማን ነው፣ በምንስ ደንብ ሰጠው የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ውጤቱ ብቻ ይወሰድና ወይ የመጨረሻ ፍርድ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሸፍጥ ተብሎ ይጣላል። ቀጥሎ የሚነበቡት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ጉድለት የሚመነጩ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉንም ሽልማት እንደ አንድ መቁጠር

“ይህ ፊልም ጎልደን ግሎብ ወስዷል፤ ስለዚህ ኦስካርም የእሱ ነው” የሚለው አነጋገር መራጮቹ አንድ ናቸው ብሎ ያስባል። አንድ አይደሉም። ጎልደን ግሎብ የጋዜጠኞች ሽልማት ነው፤ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ድምፅ ይሰጡ የነበሩት መቶ እንኳ የማይሞሉ የሆሊውድ የውጭ ፕሬስ ማኅበር አባላት ነበሩ። በ2021 ከእነዚህ አባላት መካከል አንድም ጥቁር እንደሌለ በጋዜጣ ከተጋለጠ በኋላ ማኅበሩ ነቀፋ በዝቶበት በ2023 ፈረሰ፤ ዛሬ ድምፅ የሚሰጡት ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ሦስት መቶ ገደማ ጋዜጠኞች ናቸው። የአሜሪካ የስክሪን ተዋንያን ማኅበር ሽልማት የሚሰጠው በማኅበሩ አባላት ድምፅ ሲሆን፣ በኦስካር ደግሞ ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ተዋንያን፣ ዳይሬክተሮች፣ ኤዲተሮች፣ የካሜራና የሙዚቃ ባለሙያዎች አባል የሆኑበት አካዳሚ ይመርጣል። በካን ፌስቲቫል ውሳኔው ጥቂት ዳኞች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተመካክረው የሚደርሱበት ነው። ጥቂት ሰዎች ተከራክረው የተስማሙበትና ብዙ ሺህ ሰዎች በየቤታቸው የመረጡት አንድ ፊልም ሊሆን ይችላል፤ የ2024ቱ የካን አሸናፊ ‘አኖራ’ በማግስቱ ዓመት ኦስካርንም ወስዷል። ይህ ግን ልማድ ሳይሆን አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው።

ጎልደን ግሎብ ፊልሞችን በድራማና በኮሜዲ ወይም ሙዚቃዊ ከፍሎ የሚሸልም መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2016 ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ጠፈርተኛ የሚተርከው ‘ዘ ማርሺያን’ በኮሜዲው ዘርፍ አሸንፏል፤ ፊልሙን ያየ ሰው ምን ያህል እንደሳቀ ራሱ ያውቃል።

የእጩነትን ብዛት የድል ዋስትና ማድረግ

የእጩዎች ዝርዝር በወጣ ቀን “በዐሥራ ሁለት ዘርፍ ታጭቷል፤ አለቀ!” የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2022 ‘ዘ ፓወር ኦቭ ዘ ዶግ’ በዐሥራ ሁለት ዘርፍ ታጭቶ የወሰደው አንዱን፣ የዳይሬክተርነቱን፣ ብቻ ነበር። በዚያው ሌሊት በሦስት ዘርፍ ብቻ የታጨው ‘ኮዳ’ ሦስቱንም ወሰደ፤ ከሦስቱ አንዱ ምርጥ ፊልም የተባለበት ነው።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው የአሠራሩን ሁለት ደረጃዎች ለማይለይ ሰው ነው። በእጩነት ደረጃ እያንዳንዱ የሙያ ዘርፍ የራሱን ሰዎች ያጫል፤ ኤዲተሮች ኤዲተርን፣ ተዋንያን ተዋናይን ይጠቁማሉ። ስለዚህ በብዙ ዘርፍ የታጨ ፊልም በየሙያው ያሉ ሰዎች ሥራውን እንዳከበሩለት እንጂ አባላቱ በሙሉ እንደወደዱት አያሳይም። በመጨረሻው ዙር ግን ሁሉም አባል በሁሉም ዘርፍ ድምፅ ይሰጣል።

ከዚህም በላይ የምርጥ ፊልም ዘርፍ የሚቆጠርበት መንገድ ከሌሎቹ የተለየ ነው። በሌሎቹ ዘርፎች ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ በምርጥ ፊልም ዘርፍ ግን መራጩ ዐሥሩን እጩዎች ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ በደረጃ ያስቀምጣል። ይህን ለመረዳት ከማብራሪያ ይልቅ በጓደኞች መካከል መሞከር ይሻላል። ሃያ ሰዎች ሦስት ፊልሞችን በደረጃ ጻፉ እንበል። የመጀመሪያውን ፊልም ስምንት ሰዎች፣ ሁለተኛውን ሰባት፣ ሦስተኛውን አምስት ሰዎች አንደኛ አድርገውታል። ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ዐሥራ አንድ ድምፅ ያገኘ ስለሌለ ዝቅተኛ ድምፅ ያለው ሦስተኛው ፊልም ይወጣና የእሱ አምስት ወረቀቶች ሁለተኛ ብለው ወደጻፉት ፊልም ይተላለፋሉ። ከአምስቱ አራቱ ሁለተኛውን ፊልም፣ አንዱ ደግሞ የመጀመሪያውን ጽፈው ከሆነ ውጤቱ ዐሥራ አንድ ለዘጠኝ ይሆንና በመጀመሪያው ቆጠራ ይመራ የነበረው ፊልም ይሸነፋል። አንዱ ወገን እጅግ የሚያፈቅረው፣ ሌላው ወገን ደግሞ የሚጠላው ፊልም በዚህ አቆጣጠር ይጎዳል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ያስቀመጠው፣ ማንንም የማያስቀይም ፊልም ይጠቀማል። ትንበያ የሚወድ ሰው “ብዙ የሚወደደው የትኛው ነው?” ከማለት ይልቅ “ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠላው የትኛው ነው?” ብሎ ቢጀምር ወደ ውጤቱ ይቀርባል።

“ተልኳል” እና “ታጭቷል” የሚሉትን ማምታታት

ይህ በተለይ የእኛ ስህተት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ፊልም ለኦስካር ሲላክ ዜናው ወዲያው “ለኦስካር ታጨ” ተብሎ ይዛመታል። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ መርጦ ይልካል፤ ከተላኩት መካከል በአሁኑ ደንብ ዐሥራ አምስቱ ለአጭሩ ዝርዝር ይመረጣሉ፤ ከዐሥራ አምስቱ አምስቱ ይታጫሉ። ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው ‘አትሌቱ’፣ የዘረሰናይ ብርሃነ ‘ድፍረት’ እና የያሬድ ዘለቀ ‘ላምብ’ በኢትዮጵያ ስም ተልከዋል፤ እጩ ግን አልሆኑም። ይህን መናገር ፊልሞቹን ማሳነስ አይደለም። ‘ድፍረት’ በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ ‘ላምብ’ በ2015 በካን ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። እውነተኛው ክብራቸው ይህ ሆኖ ሳለ ያላገኙትን መጨመር ለምን ያስፈልጋል?

መላክም ራሱ ደንብ አለው። የፊልሙ ንግግር ከግማሽ በላይ እንግሊዝኛ ከሆነ ከዘርፉ ይወጣል፤ በ2019 የናይጄሪያ ‘ላየንኸርት’ የወጣው በዚህ ምክንያት ነበር። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ውሳኔውን እንዳላስቀየረው ሲታይ ደንቡ ሊተች የሚገባው ይመስለኛል።

በአንጻሩ በእርግጥ የታጩትን ወገኖች ብዙ ሰው አያውቃቸውም። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ናት፤ በ2017 ‘ላቪንግ’ በተባለው ፊልም ለምርጥ ተዋናይት ታጭታለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ፣ በምርጥ የፊልም ዘፈን ዘርፍ ታጭቶ ነበር። የኃይሌ ገሪማ ‘ጤዛ’ ደግሞ ከኦስካር መንገድ ውጭ ሄዶ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። የደሴ ተከራካሪ ስለ ሽልማት ሲያወራ ‘ጤዛ’ን ሳያይ ከሆነ ክርክሩ ገና አልተጀመረም ብዬ አምናለሁ።

በተበላሸ ቅጂ መፍረድ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የታጨን ፊልም በወቅቱ በሲኒማ አዳራሽ የማየት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያየው በፍላሽ አስጭኖ ወይም ከቴሌግራም አውርዶ ነው፤ ይህ የሠሪዎቹን መብት የሚነካ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ለፍርድም ችግር አለው። ከሲኒማ ቤት በካሜራ የተቀዳ ፊልም ቀለሙ የጠቆረ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ነው፤ አንዳንዴ ከፊት የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ይታያል። በዚያ ቅጂ አይቶ “ቀረጻው አልማረከኝም” ማለት የቀረጻ ባለሙያውን በሌላ ሰው ጥፋት መክሰስ ነው።

በትርጉም ማየት ነውር አይደለም፤ እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ብዙ ሰዎች ፊልምን ያደረሰው ይኸው የአማርኛ ትረካ ነው። ሆኖም ተራኪው በተዋናዩ ድምፅ ላይ ተደርቦ ሲናገር የትወናው ግማሽ ይሸፈናል። በ2025 ኤድሪየን ብሮዲ በምርጥ ተዋናይነት የተሸለመበት ‘ዘ ብሩታሊስት’ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰውዬው የሚጫወተው ከጦርነት ተርፎ አሜሪካ የገባ የሃንጋሪ አርክቴክትን ሲሆን፣ የትወናው ትልቁ ክፍል በአነጋገሩ፣ በአካሄዱና በመሰበሩ ውስጥ ያለ ነው፤ የሃንጋሪኛውን ንግግር ለማስተካከል አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጠቀማቸው በሽልማቱ ሰሞን ያን ያህል ያከራከረውም ለዚህ ነበር። ይህን ሁሉ በትርጉም ያየ ተመልካች ስለ የትኛው አነጋገር እንደሚወራ ሊያውቅ አይችልም። ፊልሙ በቀረጻም የተሸለመ፣ በአሮጌው ቪስታቪዥን ዘዴ ለሰፊ ስክሪን የተቀረጸ፣ በመሐሉ የዐሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ያለው ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በስልክ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወረዱ የሚያዩት አይደለም።

ስለ ድምፅም እንዲሁ ነው። መስማት እየተሳነው ስለሚሄድ ከበሮ መቺ የሚተርከው ‘ሳውንድ ኦቭ ሜታል’ በ2021 የድምፅ ሽልማቱን ያገኘው ተመልካቹን ወደ ገጸ ባሕርይው ጆሮ ውስጥ ስላስገባው ነበር። በቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያየው ሰው ቅጂው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ሊከራከሩበት ያሰቡትን ፊልም ጥራት ያለው ቅጂ እስኪገኝ መታገሥ፣ መብራት አጥፍቶ በኢርፎን በዋናው ድምፅና በሰብታይትል ማየት፣ ካስፈለገ ትርጉሙን ከዚያ በኋላ ማየት ይገባል።

በነገራችን ላይ ሳያዩ መፍረድ የተመልካች ብቻ ችግር አልነበረም። አካዳሚው ራሱ አባላቱ በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት በዘርፉ የታጩትን ሁሉ ማየት አለባቸው የሚል ግዴታ ያወጣው በ2025 ነው።

የቀይ ምንጣፉን ወሬ ከፊልሙ ማስቀደም

ልብስ ማየት፣ ስለ ጌጥ ማውራት፣ የማን ንግግር እንዳስለቀሰ መጨዋወት የወቅቱ ደስታ ነውና አልነቅፈውም። ችግሩ ሌላውን ሁሉ ሲውጠው ነው። በ2022 ዊል ስሚዝ ክሪስ ሮክን በጥፊ ሲመታው ሮክ መድረክ ላይ የወጣው የምርጥ ዘጋቢ ፊልምን አሸናፊ ሊያውጅ ነበር። ጥፊውን ያላየ የለም፤ አሸናፊው ‘ሰመር ኦቭ ሶል’ እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ፊልሙ በ1969 በሃርለም የተካሄደ የሙዚቃ ድግስን ለአምሳ ዓመት ያህል ተቀምጦ ከቆየ ቀረጻ ያስነሣ ሥራ ስለሆነ ሙዚቃ ለሚወድ ለወሎ ሰው ከጥፊው ይልቅ የሚስማማው እሱ ነበር።

የወደዱት ፊልም ሲሸነፍ “ተዘረፈ” ማለት

ሽንፈት ሁሉ ሸፍጥ አይደለም፤ ትችት ሁሉም ምሬት አይደለም። ሁለቱን የሚለየው ማስረጃ ነው። በ2015 እና በ2016 በተከታታይ ለትወና የታጩት ሃያዎቹም ሰዎች ነጮች ነበሩ፤ ይህ ሊቆጠር የሚችል ነገር ስለነበር ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሥቶ አካዳሚው ሴቶችንና ነጭ ያልሆኑ ባለሙያዎችን በብዛት ወደ አባልነት እንዲጋብዝ አስገድዶታል። በ2020 የኮሪያው ‘ፓራሳይት’ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ ምርጥ ፊልም የተባለ የመጀመሪያው ሲሆን፣ የመራጮቹ ስብጥር መቀየሩ ድርሻ እንደነበረው ብዙ ተንታኞች ይስማማሉ። “ተዘረፈ” ብቻ ብሎ ያቆመ ክርክር እንዲህ ያለ ለውጥ አያመጣም።

ዓመቱንና ሰዓቱን ማሳሳት

በ2025 የተካሄደው ኦስካር የሸለመው የ2024 ፊልሞችን ነው። እኛ ዘንድ ዘመኑ 2017 ዓ.ም. ስለነበር “የዘንድሮ” የሚለው ቃል ሦስት ትርጉም ይይዛል፤ ፊልም ሲያስጭኑ የሥነ ሥርዓቱን ተራ ቁጥር፣ ለምሳሌ 97ኛው ብሎ መጥራት ከዚህ ያድናል።

ሰዓቱ ይበልጥ ያሳስታል። ሥነ ሥርዓቱ በሎስ አንጀለስ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲጀመር ደሴ ላይ ሰኞ ሌሊት ገብቷል። በ2024 አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዚያው ዕለት ወደፊት አዙረው ስለነበር የተጀመረው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በ2025 ግን ሰዓቱ ከመዞሩ በፊት፣ በየካቲት 23 የዓድዋ ዕለት ስለዋለ 9 ሰዓት ሆነ። የ2025ቱ በረመዳን ውስጥ ስለነበር ለሱሑር የተነሡ ቤተሰቦች እግረ መንገዳቸውን ማየት ችለዋል፤ ሌላው ደወል ሞልቶ መነሣት ነበረበት። መነሣት ለማይችል ሰው ጓደኞች አስቀድመው ተስማምተው ውጤቱን እስከ ማታ በቡድኑ ገጽ ላይ ባይለጥፉ፣ እሱም ከሥራ ሲመለስ ቅጂውን ሳይነገረው ያያል።