የመጀመሪያ ሞተራችሁን ከመግዛታችሁ በፊት የሳምንት መንገዳችሁን ጻፉ

ሞተር ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። የመለሱልኝም ብዙ ናቸው፣ ሁሉም የራሳቸውን ሞተር ነበር የሚያወድሱት። የት እንደምነዳው የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት ጎንደር ነው። ያገለገለ ያማሃ ዲቲ 125፣ ጥሩ የተያዘ። የግብርና ባለሙያዎች በእሱ ጭቃውን ሰንጥቀው ሲሄዱ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ለእኔ ሞተር ማለት እሱ ነበር። የእኔ መንገድ ግን ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ነው። አስፋልትና ኮብልስቶን ብቻ። ቁመቴ ደግሞ አንድ ሜትር ከ63 ነው። አንድ የሐምሌ ጠዋት ዳገት ላይ በጎች መንገድ አቋረጡብኝና ቆምኩ። ኮብልስቶኑ ርሷል። ቀኝ እግሬን ላሳርፍ ስሰድ መሬቱን የነካው የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ትንሽ ዘንበል አለ፣ ከዚያ ክብደቱ በሙሉ ወደ እኔ መጣና ተያይዘን ወደቅን። የጋለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ባቴ ላይ አረፈ። ሁለት መንገደኞች ሮጠው መጥተው አነሱልኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ጋራዥ ስወስደው ሽማግሌው መካኒክ መሪውን እያቃኑ "ልጄ፣ ሞተሩ ምንም አላጠፋም፤ ያለ መንገዱ ያመጣኸው አንተ ነህ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምክር የሚጠይቀኝን ሁሉ መጀመሪያ መንገድህን ንገረኝ፣ መንገድሽን ንገሪኝ እላለሁ።

1. አንድ ሳምንት መንገዳችሁን መዝግቡ

ስልካችሁ ላይም ይሁን ወረቀት ላይ፣ ማታ ማታ ሦስት ነገር ጻፉ። የት ሄድኩ? መንገዱ ምን ዓይነት ነበር? ማንን ወይም ምን ይዤ ነበር? አሁን በታክሲም ሆነ በእግር ብትሄዱ ችግር የለውም፣ የሚፈለገው መንገዱ ነው። አስፋልቱን፣ ኮብልስቶኑን፣ ፒስታውንና ጭቃውን ለዩ። ዳገት ካለ ጻፉት። ክረምቱንም አስቡ፤ በመጋቢት አቧራ የሆነ መንገድ በነሐሴ ጎማ የሚውጥ ጭቃ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችሁን አትሸውዱ። "ገጠር ቤተሰብ ጋ እሄዳለሁ" ያለኝን ጓደኛዬን በዓመት ስንቴ ብዬ ስጠይቀው ለጥምቀትና ለፋሲካ አለኝ። ለሁለት ቀን ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የማይመች ሞተር አይገዛም።

2. መንገዱን ከሞተሩ ጋር አገናኙ

ወረቀታችሁ ላይ የበዛው አስፋልትና ኮብልስቶን ከሆነ፣ ብቻችሁን ወይም አንድ ሰው አፈናጣችሁ ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት የምትሉ ከሆነ፣ እንደ ቦክሰር ያለ ዝቅ ያለ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተር ይበቃችኋል (ሲሲ የሞተሩ መጠን መለኪያ ነው)። መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ነዳጅ አይበላም፤ 100 ሲሲው በአንድ ሊትር 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የበዛው ፒስታና ጭቃ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞር የጤና ወይም የግብርና ሠራተኛ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ሞተር፣ ረጅም ሾክ (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደው) እና ጥርስ ያለው ጎማ ያስፈልገዋል። ያማሃ ኤጂን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ከሆነ ለገበሬ ማሳ ተብሎ የተሠራ ነው። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ስለዚህ ጭቃና አሸዋ አይበላውም። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። ኤጂ 200 የጎን ማቆሚያው በግራም በቀኝም ስለሆነ ተዳፋት ላይ በፈለጋችሁት በኩል ታቆሙታላችሁ። መልኩ ላይማርካችሁ ይችላል፣ ገጠር ለሚውል ሰው ግን ከእሱ የተሻለ ብዙ አላየሁም። ዲቲ 125 ደግሞ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ግን ቱ ስትሮክ ስለሆነ ነዳጅ ይወዳል፣ ዘይቱም ከነዳጁ ጋር ስለሚቃጠል ካላያችሁለት ያልቃል። ያለቀ ቀን ፒስተኑ ይነክስና ሞተሩ ቀጥ ይላል።

ከከተማ ከተማ አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ከ150 ሲሲ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 ሲሲ መሄድ ይቻላል፣ ግን መንገዱን ሙሉ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስባችሁ ነው የምትሄዱት፤ አይሱዙ ሲቀድማችሁም ንፋሱ ወደ ዳር ይገፋችኋል፣ መቅደም ስትፈልጉም ጉልበቱ የለም። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ቢሆን፣ ከተገኘም ኤቢኤስ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። ኤቢኤስ ማለት በድንጋጤ ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ መደንገጡ አይቀርም።

ኤሌክትሪክ ሞተርም አሁን እየበዛ ነው። ፍሪሲዮን (ማርሽ ለመቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው) የለው፣ ማርሽ የለው፣ ለጀማሪ ይቀላል። ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ የት ቻርጅ ታደርጉታላችሁ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ባትሪው የሚወጣ መሆኑን፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንም ሳያይ አይግዛ። ሻጩ በአንድ ቻርጅ ይሄዳል ያለውን ርቀት ደግሞ ለዳገትና ለሁለት ሰው ቀንሱለት።

3. ያላችሁበትን ከፍታ አትርሱ

ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ደግሞ በአየር ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ፣ 2,400 እና 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ የሞተሩ ጉልበት አንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ሁለት ሰው ጭኖ የሚሮጠው 100 ሲሲ፣ ደሴ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ዳገታማ ደጋ ከተማ የምትኖሩና ሰው የምታፈናጥጡ ከሆነ 125 ወይም 150 ግዙ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ሜዳ ናቸው፣ እዚያ 100ው ይበቃል።

ከ200 ሲሲ በላይ ለመጀመሪያ አልመክርም። ጉልበቱ እጅ ሳይለምድ ይቀድማል።

4. ተቀመጡበት፣ ግፉት፣ አንሱት

ሻጩ ፊት አትፈሩ። ሁልጊዜ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ለጀማሪ ሁለቱም እግር መሬት መርገጥ አለበት፤ ቢያንስ የእግራችሁ ፊተኛው ግማሽ በደንብ ያርፍ። ጫፉ ብቻ ከነካ ተዉት፣ የእኔን ባት አስቡ። ከዚያ ውረዱና ሞተሩ ጠፍቶ ወደ ኋላ ግፉት። ግቢያችሁ በር ላይ ደፍ ካለ በየቀኑ የምታደርጉት ይህንን ነው። መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ፣ ፍሪሲዮኑን አሥር ጊዜ ጨብጣችሁ ልቀቁ። እጃችሁ ከደከመ ሰልፍ የበዛበት መንገድ ላይ ይበልጥ ይደክማል። ጓደኛ ካለም በእሱ እርዳታ ሞተሩን አስተኝታችሁ ብቻችሁን ለማንሳት ሞክሩ። የመጀመሪያ ሞተር መውደቁ አይቀርም፤ የሚያነሳው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።

5. መለዋወጫውን ከሞተሩ በፊት ፈልጉ

ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት ከተማችሁ ውስጥ ወዳሉ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ቤቶች ሂዱና የዚያን ሞተር የፍሪሲዮን ገመድ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራና ካላማዳሪ ዋጋ ጠይቁ። "አለ" ካሉ ጥሩ። "ከአዲስ አበባ እናስመጣለን" ካሉ ሞተሩ ቆሞ የሚከርምበትን ጊዜ አስሉት። ብዙ ሰው የሚነዳውን ሞተር ግዙ የምለው ለዚህ ነው፤ መካኒኩም ያውቀዋል፣ ዕቃውም አለ፣ መሸጥ ስትፈልጉም ገዢ አታጡም።

6. ያገለገለ ከሆነ በጠዋት ሂዱ

ለሻጩም ሆነ ለደላላው "ሳታስነሱት ጠብቁኝ" በሏቸው። ስትደርሱ እጃችሁን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠጉ። ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል፤ ጠዋት በቀዝቃዛው አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ጭሱን እዩ። በፎር ስትሮክ ሞተር ሰማያዊ ጭስ ካየሁ ዘይት እየበላ ነው ብዬ እተወዋለሁ። የፊት ሾኩ ላይ ዘይት ካለ የሾኩ ዘይት መያዣ ጎማ አልቋል። ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ጥርሶች እዩ፣ እንደ መንጠቆ ከሾሉ ከነሰንሰለቱ መቀየሩ ነው። መሪው ሲዞር መሀል ላይ ቅርቅር ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ከጭሱ በቀር እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ፣ ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው።

የማይጠገነው ሻንሲው ነው። መሪው ሥር ያለውን አንገት በስልክ መብራት እዩት፤ አዲስ ቀለም፣ ብየዳ ወይም ስንጥቅ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ብረቱ ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንድ ቁጥር እንኳ ቢለይ ብር አታውጡ። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንም እዩ። የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ሞተር የራሱ ምድብ አለው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ክልከላ ወዲህ ሞተር ያለ ፈቃድ እንደልብ የሚነዳበት ከተማ አይደለም፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

7. ካላችሁ ብር ላይ ለሄልሜት ቀንሱ

ብራችሁን በሙሉ ለሞተሩ አታድርጉት። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ መጀመሪያ ይገዛ፣ በቀረው ሞተር ፈልጉ። ሄልሜቱን አድርጋችሁ ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ፤ ጉንጫችሁ አብሮት ካልተንቀሳቀሰ ሰፍቷችኋል። ወድቆ የሚያውቅ ሄልሜት በነፃም አትውሰዱ። የምታፈናጥጡት ሰው ካለ ሁለት ግዙ።

8. የመጀመሪያው ሳምንት

አዲስ ከሆነ ሞተሩን አታስጨንቁት፣ የመጀመሪያውን ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ቀይሩ። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ቀለል ያለ ዳገት ፈልጋችሁ መቆምና መነሳት ተለማመዱ። የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ስትቆሙ ቀኝ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ይቆይ፣ መሬት የሚረግጠው ግራው ይሁን። ስትነሱ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ሞተሩ ወደ ፊት መሳብ ሲጀምር ይሰማችኋል፣ ያኔ ፍሬኑን ትለቃላችሁ። እኔ ያን የሐምሌ ጠዋት ያወረድኩት ቀኙን ነበር።