ዋይቢሲኦ ፊልም በብረት ጥብጣብ ላይ፦ ሙቀቱ ሲያንስና ሲበዛ

ቂሊንጦ በኩል ባለን ላብራቶሪ በሐስቴሎይ (ኒኬል የበዛበት ቅይጥ ብረት) ጥብጣብ ላይ ዋይቢሲኦ በሌዘር ለሚያስቀምጡ ተማሪዎች የጻፍኩት ነው። ዋይቢሲኦ የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ነው፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ሬዚስታንስ ያሳልፋል። ፊልሙ እንቢ ሲል ሁሉም ሌዘሩን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ ፊልሙ ያደገበትን ሙቀት እዩ ባይ ነኝ።

ምልክት፦ ፊልሙን አቀዝቅዛችሁ ስትለኩ ሬዚስታንሱ 92 ኬልቪን አካባቢ በአንዴ መውደቅ ሲገባው እየተንቀረፈፈ ይወርዳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፊልሙ ላይ በቀኝ ማዕዘን የሚቋረጡ፣ ዘንግ መሰል ቅንጣቶች ተጋድመዋል።
ምክንያት፦ ሙቀቱ አንሷል። አተሞቹ ትክክለኛ ቦታቸውን ሳይዙ ስለሚረጉ ክሪስታሉ ይጋደማል። ከመዳብ በሚመነጭ ኤክስሬይ ስትመረምሩት ግራፉ 47.6 ዲግሪ (ማዕዘን እንጂ ሙቀት አይደለም) ላይ ጫፍ ካወጣ ጥርጣሬው ያበቃል።
መፍትሄ፦ የተለመደው ክልል ከ750 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በ10 በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ።

«ማሳያው 790 ይላል እኮ» ትሉ ይሆናል። ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) የሚለካው የሂተሩን ሙቀት ነው፤ የፊልሙን አይደለም። ቀጭን ብረት ሲግል ይጣመማል፣ ጠርዙ ከሂተሩ ይነሳል። ጥብጣቡን ስታወጡ ጀርባውን ገልብጡት፦ ጥብጣቡን ከሂተሩ ጋር የሚያጣብቀው የብር ፔስት ያልነካው ቦታ ካለ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ፊልም የሚገባውን ሙቀት አላገኘም። ቁጥሩን ከመጨመራችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ።

ምልክት፦ ክሪስታሉ ቀጥ ብሏል፤ የሚሸከመው ከረንት ግን ትንሽ ነው። በኤክስሬይ የባሪየም ሴሬት ጫፍ ይታያል።
ምክንያት፦ ሙቀቱ በዝቷል። ባሪየሙ ከሥሩ ካለው የሴሪየም ኦክሳይድ ንጣፍ ጋር ተዋህዷል። ከብረቱ የተነሳ ኒኬልም ወደ ላይ ዘልቆ የመዳብን ቦታ ሊይዝ ይችላል።
መፍትሄ፦ ሙቀቱን ቀንሱ፤ ጥብጣቡንም ሳያስፈልግ ግሎ እንዲቆይ አታድርጉ።

ምልክት፦ ኤክስሬዩ ያማረ ነው፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ግን ሱፐርኮንዳክተር አይሆንም።
ምክንያት፦ ኦክስጅን አጥሮታል።
መፍትሄ፦ ቻምበሩን ኦክስጅን ሙሉና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ክልል ላይ አቆዩት። ይህ ፊልም ይድናል፣ አትጣሉት።

መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ ሂተሩ ከቀዘቀዘ ግን ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ሙቀቱ ሲወርድ ያረፈው ንጣፍ ተጋድሞ ይቀራል፣ ከላዩ የሚያድገውም እሱን ይከተላል። ሂተሩና ሌዘሩ በአንድ ጊዜ እንዲቆሙ አገናኟቸው።

ስትለኩ ከፍታችንን አትርሱ። ፈሳሽ ናይትሮጅን በባሕር ጠለል በ77 ኬልቪን ይፈላል፤ እኛ ጋ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ 75 አካባቢ ነው። ሱፐርኮንዳክተር ለመሆን እስከ 76 ኬልቪን መቀዝቀዝ ያለበት ፊልም እዚህ ያለፈ መስሎ ሌላ አገር ይወድቃል። ከውጤቱ ጎን የለካችሁበትን ሙቀት ጻፉ።