ድሬና ሐረር ላይ ካሜራ ለያዘ ሰው፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኞቻችን በፎቶ አንኖርም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ሥራ አለን። ለካሜራው የሚተርፈው ከሥራ በፊት ያለችው ጠዋት፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ነው። በዚያች ጊዜ ከዚራ ዛፎች ሥር እንዞራለን፣ ቀፊራ ገበያ እንገባለን፣ ወይ ሚኒባስ ተሳፍረን ደንገጎን ወጥተን ሐረር እንደርሳለን። ዕድል ሲገኝ ደግሞ ባቢሌ፣ ቁሉቢ ወይም በዙሪያው ያሉ የገጠር ገበያዎች። ጊዜዋ አጭር ስለሆነች ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ እንጣደፋለን። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሚያመጣው ይሄ ጥድፊያ ይመስለኛል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሰው ማንሳት

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ ከ10 ዲግሪ ሰሜን በታች ናት። ስለዚህ ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢማ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። በዚህ ሰዓት የተነሳ ሰው ግንባሩ ያበራል፣ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ምንም ዓይነት ሌንስ ይህንን አያስተካክልም።

ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ከፍ ትላለች፣ ቶሎም ትጠልቃለች። ቁርሱን በልቶ 2 ሰዓት ላይ ከድሬ የተነሳ ሰው ሐረር ሲደርስ የጠዋቱ ብርሃን አልፏል። ወይ በመጀመሪያው ሚኒባስ ውጡ፣ ወይ ከዋዜማው ሐረር እደሩ። ማደሩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው የጥንቷ ሐረር በሮች ማለዳ ላይ ሌላ መልክ አላቸው።

ቀትር ላይ ግን ካሜራውን ጨርሶ መክተት አያስፈልግም። ድሬ ላይ ያ ሰዓት የዕረፍትና የበርጫ፣ ማለትም ጫት የመቃሚያ ነው፤ ጎዳናው ላይ ሰው አይበዛም። ጁገል ግን በቀትርም ይሠራል። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ አንዱ ግድግዳ ፀሐይ ሲመታው ብርሃኑን ወደ ማዶው ይመልሳል። በጥላው በኩል የቆመ ሰው ፊቱ ላይ የሚያርፈው ይሄ ለስላሳ ብርሃን ነው። ግድግዳው ነጭ ከሆነ በጣም ጥሩ። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን ቀለሙ ፊት ላይም ይመጣል፤ ሰውየውን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማድረግ ይበቃል።

ነጭ ግድግዳ ፊት ካሜራውን ማመን

ጁገል ውስጥ ከተነሱ ፎቶዎች ብዙዎቹን የሚያበላሸው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ካሜራ የብርሃን መጠን ሲለካ የሚያየው ነገር በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ የሚባለው ነው። ነጭ ግድግዳ ስታሳዩት «ይሄ በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል። ግድግዳው አመድማ ይሆናል። ከፊቱ የቆመው የእኛ ጠይም ፊት ደግሞ ይጠቁርና መልኩ ይጠፋል። ሰው ይህንን ሲያይ «ካሜራዬ ደካማ ነው» ይላል። ካሜራው ግን የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶውን ነጭ ግድግዳ ስታነሱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ መደመር አንድ አድርሱት። ሰው ካለ ደግሞ ልኬቱን ከፊቱ ላይ ውሰዱ፤ በአንድ ነጥብ ብቻ የሚለካው ስፖት የሚባለው ምርጫ ለዚህ ነው። ከጀርባ ያለው ግድግዳ ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደል። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ፊቱን በጣት ንኩና ብርሃኑን ወደ ላይ ጎትቱት።

ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ቀዩ ወለል፣ ደረጃ ደረጃው ነደባ (መቀመጫው መደብ)፣ ግድግዳውን የሞሉት ስፌቶችና ሳህኖች በበሩ ብርሃን ነው የሚያምሩት። ካሜራው ግን ጨለማ መስሎት ሁሉንም ያበራዋል፣ ድባቡም ይጠፋል። እዚህ ወደ መቀነስ አውርዱት። ባለቤቷን በሩ አጠገብ እንዲቀመጡ ጠይቋቸውና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ኤዲት ሲደረግ ፊትን ማንጣት ልማድ ሆኗል። እባካችሁ ተውት። በትክክል የተለካ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ውስጥ ከቡና እስከ ወርቅማ ድረስ ብዙ ቀለም አለ። ሲያነጡት ያ ሁሉ ይጠፋል፣ ሰውየውም ራሱን አይመስልም።

ካሜራን ከሰላምታ ማስቀደም

ቀፊራ ወይም ሸዋ በር ገበያ የገባ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ካሜራውን ማንሳት ነው። ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ፣ በነጠላቸው ይሸፈናሉ፣ አንዳንዶቹም ይቆጣሉ። ከዚያ «እዚህ ሰው ፎቶ አይወድም» ይባላል። ሰው የማይወደው ሳይጠይቁት መነሳትን ነው።

ከዙሪያው ገጠር አትክልትና ማገዶ ይዘው ወደ ሐረር የሚመጡት የኦሮሞ እናቶች ረጅም መንገድ ሄደው ነው የሚደርሱት። ሥራ ላይ ናቸው። ካሜራውን አንገታችሁ ላይ ተዉትና ጠጋ በሉ። በኦሮምኛ «አካም» ብላችሁ በሰላምታ ጀምሩ። ሽንኩርት የምትፈልጉ ከሆነ ግዙ፣ ካልፈለጋችሁ ጨዋታው ይበቃል። ከዚያ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» በሉ። እሺ ካሉ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሰው ይደርቃል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚፈለገውም ያ ነው። እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ። ዞር ብሎ በረጅም ሌንስ ከሩቅ መውሰድ ስርቆት ነው፤ ለስለስ ያለ ስም ልሰጠው አልችልም።

አወዳይ የጫት ገበያ ላይ ደግሞ ከሁሉም ቦታ በላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ብር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጅ የሚለዋወጥበት ቦታ ነው፣ መኪኖቹም ይቸኩላሉ። የሚያስተዋውቃችሁ ሰው ከሌለ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጡት። ሕፃናትን በተመለከተ የሚጠየቀው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው። መስጊድና አዋች፣ ማለትም የቅዱሳኑ መቃብር ያለበት ቦታ ስትደርሱ ጫማ አውልቁ፣ ኃላፊውን ጠይቁ።

«እልክልዎታለሁ» ብሎ መጥፋት

ከሁሉም ስህተቶች ይህኛው ነው የሚያሳዝነኝ። ፎቶ ተነሺው ስክሪኑ ላይ ራሱን አይቶ ይስቃል። «መቼ ነው የምታመጣልኝ?» ይላል። «በሚቀጥለው» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ፎቶ አንሺ ፊት የሚዘጋው በር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ብዙ የገጠር አዛውንቶች መታወቂያቸው ላይ ካለችው ጉርድ ፎቶ ሌላ የራሳቸው ምስል የላቸውም። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በቴሌግራም ልላክልህ ቢሉት ምንም አይጠቅመውም። ፎቶ ቤት ሄዳችሁ አሳጥቡ። ጥቂት ፎቶ ለማሳተም የሚወጣው ገንዘብ ለአዲስ ሌንስ ከምናጠራቅመው ጋር አይወዳደርም። ማግኘቱም አይከብድም፤ ባለገበያ የገበያውን ቀን ጠብቆ ብዙውን ጊዜ እዚያው የለመደው ቦታ ነው የሚቀመጠው። ፎቶውን ይዞ የተመለሰ ሰው ደግሞ እንግድነቱ ያበቃል። ጎረቤት ይጠራል፣ ልጅ ይመጣል፣ ቡና ይቀርባል። የሚቀጥለው ፎቶ ከመጀመሪያው ይልቃል፤ አሁን የሚያዩት የሚያውቁትን ሰው ነው።

ስታሳትሙ ወረቀቱ ላይ አትቆጥቡ። በተራ የቢሮ ወረቀት የወጣ ፎቶ ፀሐይ ሲያየው ይደበዝዛል። ሐረር ይህን ችግር ድሮም ታውቀዋለች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ለንግድ ሥራ ሐረር መጥቶ ነበር። በኋላ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጣ። በ1883 ራሱን ያነሳቸውን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ምስሎቹ እየነጡ መሆኑን ጽፎላቸዋል። ጁገል ውስጥ ራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም ሄዳችሁ የድሮዎቹን የሐረር ፎቶዎች ብታዩ፣ በጥንቃቄ የታተመ ወረቀት ስንት ዘመን እንደሚሻገር ይገባችኋል።

ጅብ ላይ ፍላሽ መተኮስ

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ለማየት ብዙ ሰው ይሄዳል። ፍላሹ ሲበራ ሁለት ነገር ይበላሻል። የጅብ ዓይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ፎቶው ላይ ባዶ መብራት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሥጋውን በአፉ በያዘው እንጨት የሚያጎርሰው ሰው ፊቱ ከጅቡ ጥርስ አጠገብ ነው። አውሬውን ማስደንገጥ በዚያ ሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ፍላሹን አጥፉ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ወደ 3200 ወይም 6400 አውጡት፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ (ሹተሩ) ከ1/125 ሰከንድ አይዘግይ። የባጃጅ ወይም የመኪና መብራት አብዛኛውን ጊዜ አለ። መብራቱ ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁሙ፤ የጸጉሩ መስመር ያኔ ነው የሚታየው። ፎቶው ትንሽ ሽርክት ቢል ግድ የለም። ክፍያውን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሙቀቱንና አቧራውን መናቅ

ካሜራው የሚሠራበትን ሙቀት አብዛኞቹ የካሜራ አምራቾች መመሪያ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል። ድሬ ላይ ፀሐይ የዋለበት የተዘጋ መኪና ውስጡ ይህንን በቀላሉ ያልፋል። ካሜራውን መኪና ውስጥ ትታችሁ ምሳ አትብሉ።

ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ግመሎች ሲያልፉ ማንሳት ደስ ይላል፤ ሌንስ መቀየር ግን እዚያ አይደለም። የግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ድፉ። አቧራ ሴንሰር ላይ፣ ማለትም ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል ላይ ከተቀመጠ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በትንፋሽ እፍ አትበሉት፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። የላስቲክ መንፊያ ይበቃል። በሚኒባስ ስትጓዙ ደግሞ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ ቦርሳውን ከጣሪያ ላይ አትጫኑ።

ሳይፈትሹ መግዛት

ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ከሰው እጅ ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ ጠይቁ። ሌንሱን በስልክ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ሰማይ አንሱ፣ የሴንሰሩ ንጽህና ይታያል። ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ከሚለው ሌንስ ጋር የመጣ ተራ ካሜራ ለጀማሪ በቂ ነው። የሚጨመር ካለ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ይሁን፤ ርካሽ ነው፣ በምሽትም ይሠራል።

ክልክል ቦታ ላይ ካሜራ ማውጣት

ኬላ፣ ወታደራዊ ቦታ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ድልድይ አይነሳም። የድሮው የድሬ ባቡር ጣቢያ የሁላችንም ልብ ነው፤ ግን ጥበቃዎቹን ሳያናግሩ አይገባም። ገጠር ስትሄዱ ቀበሌ ገብቶ ማንነትን መናገር ቀኑን ሙሉ ከመመለስ ያድናል።

ቁሉቢን በንግሡ ቀን ብቻ መፈለግ

ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ሕዝቡ ስለሚበዛ እጅ ማንሳት እንኳ ይከብዳል። ዋናው ፎቶ ከዚያ በፊት መንገዱ ላይ ነው። በእግር የሚመጣው ምዕመን፣ ስለቱን የተሸከመው፣ ሜዳ ላይ የሚያድረው። የታኅሣሡ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ ትርፉን በኪሳችሁ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት። እያለቀሰ የሚጸልይን ሰው ፊቱ ድረስ ቀርቦ ማንሳት አይገባም።

ስምና ቀን ሳይጽፉ ማስቀመጥ

የካሜራው ባትሪ ረጅም ጊዜ ወጥቶ ከቆየ ቀኑ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ፎቶዎቹ ሁሉ የውሸት ቀን ይዘው ይቀመጣሉ። ከጉዞ በፊት አስተካክሉት። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ የፎልደሩ ስም ላይ የእኛንም ቀን ጨምሩበት። ቦታውን፣ ፈቃደኛ ከሆነም የሰውየውን ስም ጻፉ። ማታውኑ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ መብራት ከጠፋ ካርዱን ሳታጸዱ ጠብቁ።

ይህ ለራሳችን ብቻ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ እንደነበር፣ በኋላም ውሃ እንደተመለሰበት እናውቃለን። በየቤቱ ግን ቀን ያልተጻፈባቸው የሐይቁ ፎቶዎች አሉ፤ ሞልቶ ሳለ ይሁን ከተመለሰ በኋላ መለየት ያስቸግራል። የድሬው አሮጌ ባቡር፣ የከዚራ በረንዳዎች፣ የጁገል ቤቶች ቀለምም እንዲሁ ይለወጣሉ። ዛሬ ያነሳችሁት የአንድ ሠፈር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው ይኖራል። ያ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትና መቼ እንደተነሳ ነው።