የሳጎ ፓልም አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተጨማዶ ሲወጣ

ዘንባባ የሚመስለው የጌጥ ተክል፣ ሳጎ ፓልም፣ ከመሃል የሚወጣው ቅጠል ቢጫና ጭምድድ ያለ፣ ጫፉም የደረቀ ነበር፤ የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ግን አረንጓዴ ናቸው። ይህ ተክሉ በጥቂቱ የሚያስፈልገው ማዕድን፣ የማንጋኒዝ፣ እጥረት ነው። የሌላው ማዕድን፣ የማግኒዥየም፣ እጥረት ቢሆን ኖሮ ቢጫነቱ ከአሮጌዎቹ ይጀምር ነበር። የሁለቱ ስም ስለሚመሳሰል ብቻ ኤፕሰም ጨው (ማግኒዥየም ሰልፌት) የሚጨምር ብዙ ነው፤ ለዚህ ችግር ግን አይረዳም።

መፍትሔው አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ግራም ገደማ) ማንጋኒዝ ሰልፌት በ4 ሊትር ውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው፤ በወር አንዴ፣ ለ3 ወር። በጠራራ ፀሐይ አይረጭም፣ ቅጠል ያቃጥላል።

አፈሩ ማንጋኒዝ ቢኖረውም ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7 ሲያልፍ ሥሩ እንደልብ አያገኘውም፤ ኖራና አመድ ፒኤቹን ስለሚጨምሩ አይጠጉት። የተበላሸው ቅጠል አይድንም፤ ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው ቡቃያ ላይ ነው። አረንጓዴ የቀረውን ቅጠል ግን አትቁረጡት።