የኤንሴሊያ ችግሮችና መፍትሄያቸው፦ ውሃ ከመክፈታችሁ በፊት

ኤንሴሊያ ፋሪኖሳ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ሜክሲኮ የሚገኙት የሶኖራና የሞሃቪ በረሃዎች ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ብርማ፣ አበባው ቢጫ። ሙሉ ፀሐይ እንደሚፈልግና ውሃ በሚያቁር መሬት እንደማይተከል የታወቀ ስለሆነ አንመለስበትም።

በጁን ቅጠሉ ረገፈ፣ ቅርንጫፉ ደረቀ

ምክንያት፦ በሽታ አይደለም። ድርቁ ሲጠና ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ጫፉ ደርቆ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ፋቁ።

መፍትሄ፦ ተዉት። አብዛኛው ኤንሴሊያ የሚሞተው ልክ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ደንግጦ የውሃ ማጠጫውን ታይመር ወደ «በየቀኑ» ያዞረዋል።

ቅጠሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ቅርንጫፉ ረዘመ፣ መሃሉ ተከፍሎ ተኛ

ምክንያት፦ ውሃ በዛ። ቅጠሉን የሚያነጣው ፀሐይ የሚመልሰው ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ነው። ውሃ ሲትረፈረፍ ፀጉሩ የሳሳ ሰፊ ቅጠል ያወጣል። ስለዚህ የውሃውን ልክ ከጫፍ ቅጠሎች አንብቡ፤ የታችኞቹ የሚነግሯችሁ ያለፈውን ነው። ጥላም ተመሳሳይ መልክ ይሰጠዋል።

የአሪዞናዋ ከተማ ፊኒክስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ኤንሴሊያ ግን በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች ማንም ሳያጠጣው ያብባል። ግቢ ውስጥ ሲገባ ከብርቱካን ዛፍ ጋር በአንድ የጠብታ መስመር (ውሃ በሚያንጠባጥብ ቱቦ) ይታሰራል። ብርቱካኑ በሚፈልገው ልክ ሲጠጣ በመጀመሪያው ጸደይ ያምርበታል፣ ሁሉም ይደሰታል፤ በጁላይ የጋለው አፈር ሳይደርቅ ይከርምና ሥሩ ይበሰብሳል። ሥር የሌለው ተክል ይጠወልጋል፤ «ጠማው» ተብሎ ይጨመርለታል።

ማረጋገጫ፦ ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ አንድ ቀጭን ሥር በሁለት ጣት ሳቡ። ቅርፊቱ እንደ እጅጌ ተንሸራቶ ክሩ ብቻ ከቀረ ንቀሉት፤ አይድንም። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ጠብታውን (ውሃ የሚያንጠባጥበውን ዕቃ) ድፈኑት፣ መቁረጡን እስከ ኦክቶበር አቆዩት፤ ያኔ አንድ ሦስተኛውን ቀንሱ። ቅጠል የሌለውን አሮጌ እንጨት አትንኩ፣ ላያቆጠቁጥ ይችላል።

ጠብታውን ራሱን አትመኑት። በሰዓት 4 ሊትር የተባለው ርካሽ ዕቃ ላስቲኩ ሲቀደድ ያለ ልክ ያፈሳል። ከጠብታው በታች ጣሳ አስቀምጡ፤ በ15 ደቂቃ ከ1 ሊትር ብዙ ካለፈ ጣሉት።

ትክክለኛው ልክ፦ በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር ትከሉ። በሰዓት 4 ሊትር የሚያወጣ ጠብታ ሁለት፣ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ለአንድ ሰዓት ተኩል ክፈቱ፤ 12 ሊትር ይሆናል። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ሥር ሲይዝ በሁለት ሳምንት አንዴ። በመጀመሪያው በጋ (ከጁን እስከ ሴፕቴምበር) ቢበዛ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ፤ ዝናብ ከጣለ ዝለሉት። ከዓመት በኋላ መስመሩን ዝጉ። ጉድጓዱ ውስጥ ኮምፖስት አትጨምሩ። ማዳበሪያም አይፈልግም። እንደገና፦ ማዳበሪያ አይፈልግም።

አዲስ የተተከለው ከጅምሩ አልቀና አለ

ካሊቼ ሊሆን ይችላል፤ በአሪዞና ብዙ ቦታ ከአፈሩ በታች የሚገኘው ጠንካራ የኖራ ንብርብር። ጉድጓዱን በውሃ ሙሉት፤ በማግስቱም ካልሰረገ ንብርብሩን ሰብራችሁ እስከ ታች ብሱት ወይም ቦታ ቀይሩ። በጎን ማስፋቱ ገንዳ ከመሥራት አያልፍም።

አላበበም

ጥላ፣ ማዳበሪያ፣ ወይም የኤሌክትሪክ መከርከሚያ። በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ኳስ አስመስሎ የሚከረክም አትክልተኛ የመጪውን ጸደይ አበባ ጠርጎ ይወስዳል። የአበባውን ዘንግ ካበቃ በኋላ በመቀስ ቁረጡ፤ ጓንት አድርጉ፣ ሙጫው ይጣበቃል። ይህ ሙጫ በአካባቢው በነበሩት የስፔን ሚስዮናውያን አብያተ ክርስቲያናት እንደ ዕጣን ይጨስ ነበር፤ ከመቀስ ላይ ግን በአልኮል ካልተጠረገ አይለቅም።

ውርጭ መታው፦ የጠቆረውን የብርድ ጊዜ እስኪያልፍ አትቁረጡ።

ክሽክሽ ወረረው፦ በውሃ ግፊት እጠቡት፤ መርዝ አያስፈልግም።

ሲያዛውሩት ሞተ፦ ትልቁን ቁጥቋጦ ነቅሎ መትከል አያዋጣም። ከሥሩ የበቀሉትን ችግኞች ከጣት ሳይረዝሙ፣ በመኸር፣ ከነአፈራቸው አንሱ።