የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሩብ ዓመት ሽያጭ አዝማሚያን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

አፕል በ2016 በጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ 75.9 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። በሁለተኛው ሩብ የሸጠው ግን 50.6 ቢሊዮን ብቻ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሦስተኛው ገቢ ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ተሳስቷል፤ በ2017ም ከ78.4 ወደ 52.9፣ በ2018ም ከ88.3 ወደ 61.1 ቢሊዮን ወርዷል። የአፕል የመጀመሪያ ሩብ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ስለሆነ፣ ከበዓል ሰሞን ገበያ በኋላ ሽያጩ በየዓመቱ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ 2016 ለአፕል በእርግጥም መጥፎ ዓመት ነበር። ችግሩ የሚታየው ግን ሁለቱን ተከታታይ ቁጥሮች በማነጻጸር አይደለም። አንድ ሩብ ዓመት መለካት ያለበት ካለፈው ዓመት አቻው ጋር ነው፤ ያም ቢሆን የሳምንት ብዛት፣ የዋጋና የምንዛሪ ልዩነት ከተጣራ በኋላ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህንኑ የሚያሳዩ ናቸው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቁጥሮቹን ከምንጩ ሰብስቡ

ቢያንስ የ12 ሩብ ዓመት መረጃ ያስፈልጋል፤ 20 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከዚያ ባነሰ መረጃ የወቅቱን መዋዠቅ ከእውነተኛው ለውጥ መለየት አይቻልም። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ሪፖርት ኤድጋር በተባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት በነፃ ይገኛል። 10-ኪው የተባለው ቅጽ የሩብ ዓመት፣ 10-ኬ ደግሞ የዓመቱ ሪፖርት ነው።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። በ10-ኪው የገቢ መግለጫ ላይ የሦስት ወሩና ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተደመረው ቁጥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ድምሩን ገልብጦ የሩብ ዓመት ነው ብሎ መያዝ የተለመደ ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ ለአራተኛው ሩብ 10-ኪው አይወጣም። ስለዚህ ከ10-ኬው የዓመት ገቢ ላይ የዘጠኝ ወሩን ቀንሱ፤ ወይም ኩባንያው ውጤቱን ሲያሳውቅ በሚያወጣው መግለጫ ላይ የአራተኛውን ሩብ ዓምድ ፈልጉ።

2. የቀን መቁጠሪያውን አስተካክሉ

የአፕል በጀት ዓመት የሚዘጋው በሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። የማይክሮሶፍት ጁን 30፣ የቺፕ አምራቹ የኢንቪዲያ ደግሞ በጃንዋሪ የመጨረሻ እሑድ። በዚህ ምክንያት «የ2024 የመጀመሪያ ሩብ» ሲባል ለአፕል ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2023፣ ለማይክሮሶፍት ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር 2023፣ ለኢንቪዲያ ደግሞ ከፌብሯሪ እስከ ኤፕሪል 2023 ያለው ጊዜ ነው። በሰንጠረዣችሁ ላይ ከሩቡ ስም አጠገብ ሩቡ የተዘጋበትን ቀን ጻፉ። ሌላ ዓምድ ጨምራችሁም የሳምንቱን ብዛት መዝግቡ፤ ጥቅሙ ወደ ኋላ ይታያል።

3. ዓመትን በረድፍ፣ ሩብን በዓምድ አድርጋችሁ ደርድሩ

ብዙ ሰው ቁጥሮቹን በአንድ ረጅም ዓምድ ይደረድራቸዋል። እኛ የምንመክረው አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ አቻ ሩቦች አንዱ ከሌላው ሥር ይውላሉና ንጽጽሩ በዓይን ብቻ ይታያል። የአፕል ገቢ በቢሊዮን ዶላር ይኸውና፦

2015፦ 74.6 | 58.0 | 49.6 | 51.5
2016፦ 75.9 | 50.6 | 42.4 | 46.9
2017፦ 78.4 | 52.9 | 45.4 | 52.6
2018፦ 88.3 | 61.1 | 53.3 | 62.9

አሁን እያንዳንዱን ቁጥር ከበላዩ ላለው አካፍሉና 1 ቀንሱ። 2016 ከ2015 ጋር ሲነጻጸር +2፣ −13፣ −15 እና −9 በመቶ ይሆናል። ትክክለኛው የችግር ምልክት ይህ ነው፤ ሦስት ሩብ በተከታታይ ከአቻው በታች። በ2017 ደግሞ +3፣ +5፣ +7 እና +12 በመቶ። እዚህ ላይ ከቁጥሮቹ መጠን ይበልጥ አካሄዳቸውን ተመልከቱ፤ ዕድገቱ በየሩቡ እየፈጠነ ነው። ነጠላ መቶኛ ብዙ አይናገርም፤ የመቶኛዎቹ ሰልፍ ግን ይናገራል።

4. የተነጻጸረበትን ሩብ መርምሩ

ለአዝማሚያ ንባብ ከሁሉም በላይ ወሳኙ ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። መቶኛ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ የዘንድሮው ደህና ሆኖ ሳለ የአምናው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ከሆነ ውጤቱ ውድቀት ይመስላል።

አፕል በሴፕቴምበር 2014 አይፎን 6ን ለገበያ ሲያቀርብ ለመጀመሪያ ጊዜ 4.7 እና 5.5 ኢንች ስክሪን ያላቸውን ስልኮች ይዞ መጣ። ትልቅ ስክሪን ሲጠብቅ የከረመው ደንበኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገዛ፤ ፍላጎቱ በዓሉ ካለፈም በኋላ አልበረደም። በሁለተኛው ሩብ የተሸጠው አይፎን በ2014 በጀት ዓመት 43.7 ሚሊዮን፣ በ2015 61.2 ሚሊዮን፣ በ2016 51.2 ሚሊዮን ነበር። ከ2015 ጋር ሲነጻጸር የ2016ቱ በ16 በመቶ ወርዷል። ከ2014 ጋር ሲነጻጸር ግን በ17 በመቶ አድጓል፤ በዓመት ወደ 8 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሉት፣ ለሁለት ዓመት መከፋፈል የነበረበት ግዢ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጠቃሎ እንደነበር ነው። ስለዚህ አምና ያልተለመደ ነገር ከነበረ የሁለት ዓመቱን ለውጥም አስሉ፦ የዘንድሮውን በካቻምናው አካፍሉ፣ የውጤቱን ካሬ ሥር ውሰዱ፣ 1 ቀንሱ።

በተቃራኒው አቅጣጫ የኢንቪዲያን ተመልከቱ። ከ2024 በጀት ዓመት ሦስተኛ ሩብ ጀምሮ ገቢው 18.1፣ 22.1፣ 26.0፣ 30.0፣ 35.1፣ 39.3 ቢሊዮን ዶላር እያለ ሄደ። ከአምናው አቻ ጋር ሲነጻጸር ዕድገቱ 206፣ 265፣ 262፣ 122፣ 94 እና 78 በመቶ ነው። መቶኛውን ብቻ የሚያይ ሰው ኩባንያው እየተንገዳገደ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በየሩቡ የተጨመረው ገንዘብ ከ4 እስከ 5 ቢሊዮን አካባቢ እንደሆነ ቆይቷል። የወረደው ፍጥነቱ ሳይሆን ያደገው መነሻው ነው። መቶኛውንና የዶላር ጭማሪውን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ጻፉ።

5. የአራት ሩብ ተንከባላይ ድምር አውጡ

በእያንዳንዱ ሩብ መጨረሻ ላይ ያለፉትን አራት ሩቦች ደምሩ። አራቱም ወቅቶች ሁልጊዜ በድምሩ ውስጥ ስላሉ የበዓሉ ውጣ ውረድ ይጠፋል። የአፕል ድምር በ2015 መጨረሻ 233.7 ነበር፤ ከዚያም 235.0፣ 227.5፣ 220.3፣ 215.6፣ 218.1፣ 220.5፣ 223.5፣ 229.2 ሆነ። ጫፉ የት እንደነበረና ታችኛው የት እንደነካ በግልጽ ይታያል። አንድ ጉድለት አለው፤ ይዘገያል። ገቢ መዞር ከጀመረ በኋላ ድምሩ እስኪዞር አንድ ሁለት ሩብ ሊያልፍ ስለሚችል ከሦስተኛው ደረጃ ጋር አብሮ እንጂ ለብቻው አይነበብም።

6. ዋጋን ከብዛት፣ ሳምንትን ከሳምንት ለዩ

ገቢ የብዛትና የአማካይ ዋጋ ብዜት ነው። በዲሴምበር 2017 በተዘጋው ሩብ አፕል 77.3 ሚሊዮን አይፎን ሸጠ፤ ከዓመት በፊት 78.3 ሚሊዮን ነበር። ብዛቱ በ1 በመቶ ቀነሰ። የአይፎን ገቢ ግን ከ54.4 ወደ 61.6 ቢሊዮን፣ ማለትም በ13 በመቶ አደገ። ገቢውን በብዛቱ ስናካፍለው አማካይ ዋጋው ከ695 ወደ 796 ዶላር ገደማ ከፍ ማለቱን እናገኛለን፤ በዚያ ሩብ አይፎን ኤክስ በ999 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ ቀርቦ ነበርና።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። የአምናው ሩብ 14 ሳምንት፣ የዘንድሮው 13 ሳምንት ነበር። በሳምንት ሲሰላ ሽያጩ ከ5.6 ወደ 5.9 ሚሊዮን ገደማ፣ በ6 በመቶ ያህል አድጓል። «የአይፎን ሽያጭ ቀነሰ» የሚለው አባባል አንድ ሳምንት በመጉደሉ ብቻ የመጣ ነበር ማለት ነው። በሳምንት ማካፈል ግምት መሆኑን አትርሱ፤ የበዓል ሳምንትና ተራ ሳምንት እኩል አይሸጡም።

አፕል የአይፎን፣ የአይፓድና የማክ ብዛት መግለጽ እንደሚያቆም በኖቬምበር 2018 አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ያሉት የብዛት ቁጥሮች የጥናት ድርጅቶች ግምት ናቸው፤ ከኩባንያው ቁጥር ጋር በአንድ ዓምድ አትቀላቅሏቸው።

7. ለውጡ ከየት እንደመጣ ፈልጉ

ኩባንያዎች ገቢያቸውን በምርትና በአካባቢ ከፋፍለው ያሳያሉ። ጃንዋሪ 2, 2019 አፕል የመጀመሪያ ሩብ ትንበያውን ከ89 እስከ 93 ቢሊዮን ከነበረው ወደ 84 ቢሊዮን ዝቅ አደረገ። ትክክለኛው ውጤት 84.3 ሆነ፤ ከአምናው በ4.0 ቢሊዮን ያነሰ። አፕል «ታላቋ ቻይና» በሚለው ክፍል ውስጥ ብቻ ገቢው ከ18.0 ወደ 13.2 ቢሊዮን፣ በ4.8 ቢሊዮን ቀንሷል። የአንድ አካባቢ ጉድለት ከጠቅላላው ጉድለት ይበልጣል፤ ሌላው ዓለም ሲደመር በትንሹም ቢሆን አድጎ ነበር። አጠቃላይ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም።

8. ምንዛሪንና የኩባንያ ግዢን አጣሩ

በዶላር ሪፖርት የሚያደርግ ኩባንያ 1,000 ዩሮ ሸጦ፣ ዩሮው 1.20 ዶላር ከሆነ 1,200 ዶላር ይመዘግባል። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሸጦ ዩሮው 1.05 ከሆነ 1,050 ይሆናል። አንድም ደንበኛ ሳይጠፋ ገቢው 12.5 በመቶ ወርዶ ይታያል። ማይክሮሶፍትን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በቋሚ ምንዛሪ የተሰላውን ዕድገትም አብረው ስለሚያትሙ ያንን ዓምድ ውሰዱ።

ሌላ ኩባንያ መግዛትም እንዲሁ ያሳስታል። ማይክሮሶፍት የቪዲዮ ጌም ኩባንያውን አክቲቪዥን ብሊዛርድን በኦክቶበር 2023 ጠቀለለ። በዚያ ሩብ የኤክስቦክስ ይዘትና አገልግሎት ገቢ በ61 በመቶ አደገ፤ ከዚህ ውስጥ 55 የመቶኛ ነጥቡ የመጣው ከግዢው ነው። የነባሩ ሥራ ዕድገት ወደ 6 በመቶ ነው። ግዢው አንድ ዓመት ሲሞላው ይህ ጭማሪ ከንጽጽሩ ይወጣል፤ ያኔ የሚታየው የዕድገት መቀዝቀዝም እንደ አዲስ ችግር መቆጠር የለበትም።

9. የተላከውን ከተሸጠው ለዩ

የሃርድዌር ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ገቢ የሚመዘግበው ዕቃው ለአከፋፋይ ሲተላለፍ ነው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቢከርምም ሽያጩ ተመዝግቧል፤ የሚከተሉት ሩቦች ግን ዋጋውን ይከፍላሉ፣ መጋዘኑ የሞላ አከፋፋይ አዲስ አያዝምና። ይህን ቀድሞ ለመጠርጠር የሚያስችል ቀላል ስሌት አለ፦ ከሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ተሰብሳቢ ሒሳቡን (ተሸጦ ገና ያልተከፈለውን ገንዘብ) ውሰዱ፣ በሩቡ ገቢ አካፍሉ፣ በሩቡ ርዝመት፣ በ91 ቀን አባዙ። ለምሳሌ ገቢው 10፣ ተሰብሳቢው 4 ቢሊዮን ቢሆን ውጤቱ 36 ቀን ነው፤ የሽያጩን ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት አቻ ሩብ ገቢው 11፣ ተሰብሳቢው 6 ቢሆን 50 ቀን ይሆናል። ገቢው 10 በመቶ አድጓል፤ ገንዘቡ ግን ገና አልገባም። ወይ ዕቃው በሩቡ መጨረሻ ሳምንታት ላይ ተጣድፎ ተልኳል፣ ወይ ለገዢዎች የተራዘመ የክፍያ ጊዜ ተሰጥቷል። የኩባንያው የራሱ ክምችትም ከሽያጩ ፈጥኖ ካደገ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እነዚህንም ቢሆን ከአቻ ሩብ ጋር እንጂ ካለፈው ሩብ ጋር አታነጻጽሩ።

10. ሰንጠረዡን በየሩቡ አድሱ

አዲስ ሪፖርት ሲወጣ የዘንድሮውን ቁጥር ብቻ አትገልብጡ። አጠገቡ የታተመውን የአምናውን ቁጥር እናንተ ቀድሞ ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ። ከተለያየ ኩባንያው የሒሳብ ዘዴውን ወይም የክፍሎቹን አደረጃጀት ቀይሯል ማለት ነው፤ ማይክሮሶፍት በኦገስት 2024 እንዳደረገው። አዲሱን ቁጥር ያዙ፣ አሮጌውን በሌላ ገጽ አስቀምጡ፣ ምክንያቱን ከሪፖርቱ ማብራሪያ ፈልጋችሁ አጠገቡ ጻፉ። ኩባንያው የተስተካከለውን መረጃ ለጥቂት ዓመት ብቻ ካወጣ፣ በሥዕላዊ መግለጫችሁ ላይ መስመሩን እዚያው ቆርጣችሁ ከአዲሱ መነሻ ቀጥሉ፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች በአንድ መስመር አታገናኙ።